አሲድ፣ ቤዝና ጨው በአምቦና በጌዶ ምድር

የአሲድ፣ የቤዝና የጨው ትምህርት ብዙውን ጊዜ ከላቦራቶሪ ጠርሙስ ይጀመራል፤ ጠርሙሱ በሌለበት ደግሞ በጥቁር ሰሌዳ ላይ ከሚጻፍ ቀመር። የትምህርቱ ታሪክ ግን የተጀመረው ከምላስና ከምድጃ ነው። አሲድ የሚለው ስም በላቲን ኮምጣጣ ከሚለው ቃል የወጣ ሲሆን፣ አልካሊ ደግሞ በዐረብኛ የዕፅዋት አመድ ማለት ነው።

ፈረንሳዊው ላቩዋዚዬ የአሲድነት ምንጭ ኦክሲጅን ነው ብሎ ነበር፤ እንግሊዛዊው ዴቪ በሃይድሮክሎሪክ አሲድ ውስጥ ኦክሲጅን አለመኖሩን በማሳየት ይህን አፈረሰ። ከዚያም ስዊድናዊው አሬኒየስ ነገሩን በአዮን ገለጸው። አሲድ ፕሮቶን ሰጪ፣ ቤዝ ተቀባይ የሚለው የብሮንስቴድና የላውሪ ትርጓሜ የወጣው እ.ኤ.አ. በ1923 ነው። ከሰባት ዓመት በኋላ፣ እ.ኤ.አ. በ1930፣ የአምቦ ውኃ በጠርሙስ መታሸግ ጀመረ። የአካባቢው አርቢ ግን ሁለቱንም ሳይጠብቅ ከብቱን ወደ ሆራ፣ ማለትም ወደ ማዕድናማው ምንጭ፣ ይነዳ ነበር።

ይህ ውኃ ለመምህር የተዘጋጀ ይመስላል። በውስጡ የሟሟው ካርቦን ዳይኦክሳይድ ደካማውን ካርቦኒክ አሲድ ይሰጣል፤ የሶዲየም፣ የካልሲየምና የማግኒዚየም ባይካርቦኔት ጨዎችም አሉበት። ሲፈላ ጋዙ ይወጣል፣ ነጭ ዝቃጭ ይቀራል፣ የቀረውም ውኃ ቀዩን ሊትመስ ወደ ሰማያዊ ይለውጣል። ሎሚ ቢጨመቅበት እንደገና ይንተከተካል። አሲድ፣ ቤዝና ጨው በአንድ ጠርሙስ ታዩ ማለት ነው።

ከአምቦ ወደ ነቀምቴ በሚወስደው መንገድ ላይ በምትገኘው በጌዶ ዙሪያ ግን ጉዳዩ ከባድ ነው። በዚህ ደጋ የሚዘንበው ብዙ ዝናብ ካልሲየምንና ማግኒዚየምን ከቀዩ አፈር አጥቦ ይወስዳል፤ አሲድነት ሲያይል አልሙኒየም ሟሙቶ የገብስንና የስንዴን ሥር ይጎዳል፣ ፎስፎረስም ከአፈሩ ጋር ተጣብቆ ይቀራል። ማዳበሪያ ብቻውን እንግዲህ ብዙ አይረዳም። ከቤት ጓሮ ያለው መሬት የተሻለ የሚያበቅለው ከፍግ ጋር የምድጃ አመድ ሲደፋበት ስለኖረ ነው፤ አመድም ቤዝ ነው። የጓሮውንና የማሳውን አፈር በዝናብ ውኃ በጥብጦ፣ አጥልሎ ማነጻጸር ለአንድ ክፍለ ጊዜ ይበቃል። ልዩነቱን ለማየት ከሊትመስ ይልቅ የፒ.ኤች. ወረቀት ይሻላል።

ለማሳው የሚታዘዘው የኖራ ድንጋይ ዱቄት ለሄክታር በብዙ ኩንታል የሚቆጠር በመሆኑ ማጓጓዣው ገበሬውን ይከብደዋል። ማዳበሪያ ያልሆነ ነጭ ዱቄት ለምን እንደሚበተን አባቱ ሲጠይቀው፣ ተማሪው የሚመልሰው በክፍል ስለ አሲድና ቤዝ መገናኘት የተማረውን ነው።