የለማኙ ኦፔራ ጉዞ

«ዘፈን ያለበት ትያትር? እሱማ ለመዝናኛ ነው!» የሚል ክርክር ከመኝታ ክፍላችን ጠፍቶ አያውቅም። እኔም በበኩሌ መልስ ይሆናል ያልኩትን አንድ ታሪክ ላውጋችሁ።

ነገሩ የተጀመረው እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር በ1728 ለንደን ውስጥ ነው። መኳንንቱ በጣሊያንኛ የሚዘፈን ኦፔራ ያዘወትሩ ነበር፤ ተራው ሰው ግን ቋንቋውን አይሰማም። ታዲያ ጆን ጌይ የተባለ ገጣሚ «የለማኙ ኦፔራ»ን ጻፈ። ባለታሪኮቹ ሌቦችና ሴተኛ አዳሪዎች፣ ዜማዎቹም አብዛኞቹ ሕዝቡ የሚያንጎራጉራቸው ነበሩ። ተመልካቹ ዜማውን ስለሚያውቀው ጆሮውን ለአዲሱ ግጥም ይሰጣል። ሰምና ወርቅ ለለመደ ሰው ነገሩ እንግዳ አይሆንም፤ ላዩ የሌባ ወሬ፣ ውስጡ የሹማምንት ገበና ነው። ጠቅላይ ሚኒስትሩ ሮበርት ዋልፖል እንደተነካ ለሁሉም ገባው። ትያትሩ በመጀመሪያው ወቅት 62 ጊዜ ታየ። ተከታዩ «ፖሊ» ግን መድረክ ሳይወጣ ታገደ።

ልክ በ200 ዓመቱ፣ በ1928፣ ታሪኩ በርሊን ላይ እንደገና ተነሣ። ኤሊዛቤት ሃውፕትማን ድርሰቱን ወደ ጀርመንኛ መለሰችው፤ ቤርቶልት ብሬኽት እንደ አዲስ ጻፈው፤ ኩርት ቫይል ደግሞ ከጌይ ዜማዎች አንዱን ብቻ አስቀርቶ ጃዝና የጭፈራ ቤት ቃና ያለው ሙዚቃ ሠራለት። «የሦስት ሳንቲም ኦፔራ» ተባለ። በ1933 ናዚዎች ሥልጣን ሲይዙ ሥራው ታገደ፤ ብሬኽትና ቫይልም ተሰደዱ።

ትያትሩስ መች ሞተ! በ1954 ኒውዮርክ ላይ በእንግሊዝኛ ታይቶ ተወደደ። በ1977 ዎሌ ሾይንካ በናይጄሪያ ኢፌ ዩኒቨርሲቲ «ኦፔራ ዎንዮሲ» ብሎ አቀረበው። ታሪኩን መካከለኛው አፍሪካ ላይ አድርጎ፣ ራሱን ንጉሠ ነገሥት ባሰኘው ቦካሳም ሆነ በነዳጅ ገንዘብ በሰከሩት የአገሩ ሰዎች ላይ ተሳለቀ። በ1978 ደግሞ ሺኮ ቡዋርኬ፣ ብራዚል በወታደሮች አገዛዝ ሥር እያለች፣ ታሪኩን ወደ ሪዮ ዴ ጃኔሮ አመጣው።

ልብ በሉ፤ ዜማው በየአገሩ ተለዋውጧል። ያልተለወጠው ጥያቄው ነው፦ ትልቁ ሌባ ማን ነው? ንግግር ከአዳራሽ ሲወጡ ይረሳል፤ ዘፈን ግን ቤት ድረስ ይከተላል። ገዢዎች ይህን አሳምረው ያውቁታል። ለመዝናኛ ብቻ ቢሆንማ ኖሮ ማን ሊያግደው ይደክም ነበር?