ፓስቲትሲዮ፦ የግሪኮች የእሑድ ምግብ
ፓስቲትሲዮ ከፓስታና ከተፈጨ ሥጋ ተደራርቦ በምድጃ የሚጋገር፣ በግሪክ የእሑድና የበዓል ማዕድ ላይ የሚዘወተር ምግብ ነው። ከሥር እንደ ቱቦ ውስጡ ክፍት የሆነ ረጅም ፓስታ ይነጠፋል፤ በላዩ በሽንኩርት፣ በቲማቲምና በቀረፋ የበሰለ የተፈጨ ሥጋ ይደለደላል። ከቅቤ፣ ከዱቄትና ከወተት የሚሠራው ቤሻሜል የተባለ ወፍራም ነጭ ስጎ ደግሞ ከላይ ይሸፍነዋል። ሳይፈርስ እንዲቆረጥ ከምድጃ ወጥቶ ጥቂት እስኪበርድ ይጠበቃል።

ስሙ የተገኘው በሊጥ ተሸፍኖ የሚጋገርን ምግብ ከሚያመለክተው "ፓስቲቾ" ከተሰኘ የጣሊያንኛ ቃል ነው። በግሪክም ቀድሞ በሊጥ ተሸፍኖ ይጋገር ነበር። የዛሬውን መልክ በመስጠት የሚታወቁት የምግብ ባለሙያው ኒኮላኦስ ጸሌሜንቴስ (እ.አ.አ. 1878–1958) ናቸው። በቪየና የሠለጠኑት ጸሌሜንቴስ የአገራቸውን ማዕድ ከኦቶማን ቱርኮች ተጽዕኖ አላቀው ወደ አውሮፓ ለማቅረብ ስለ ፈለጉ፣ በሊጡ ምትክ የፈረንሳዮቹን ቤሻሜል አስገቡ። የምግብ አሠራር መጽሐፋቸው እጅግ ከመሰራጨቱ የተነሣ ስማቸው ራሱ በግሪክኛ "የምግብ አሠራር መጽሐፍ" የሚል ትርጉም አገኘ።

ተመሳሳዩ ምግብ በቆጵሮስ ሃሉሚ አይብ ታክሎበት ይሠራል፤ በግብፅም "መካሮና ቤሻሜል" በሚል ስም የቤተሰብ ምግብ ሆኗል። ግሪኮች የባህል ምግባችን የሚሉት ፓስቲትሲዮ እንግዲህ ስሙን ከጣሊያን፣ ነጭ ስጎውን ከፈረንሳይ ያገኘ ነው፤ የቀረፋው መዓዛ ግን ጸሌሜንቴስ ሊርቁት የሞከሩትን ምሥራቅ ዛሬም ያስታውሳል።