81 ሴንቲ ሜትር፦ የቆሰለ ወታደር ቤት የማን ዕዳ ነው?

ጦርነት ሲያልቅ ለቆሰለ ወታደር የሚሰጠው ነገር በየአገሩ ይመሳሰላል። ሜዳሊያ ይሰጠዋል። የጡረታ ደብተር ይወጣለታል። በዓል ሲመጣ የፊት ወንበር ይያዝለታል፣ ባለሥልጣን ጎንበስ ብሎ ይጨብጠዋል፣ ፎቶ ይነሣል። ከዚያ ድንኳኑ ይፈርስና ሰውየው ወደ ቤቱ ይመለሳል። ደጁ ላይ ሦስት ደረጃ አለ። ጠላት ያላቆመውን ሰው ሦስት ደረጃ ያቆመዋል።

በአሜሪካ እግሩን ላጣ ወታደር የሰፈሩ ሰው ተባብሮ ቤት ሲሠራለት የሚያሳይ ቪዲዮ በየጊዜው ይዘዋወራል። መጋረጃው ሲገለጥ፣ ሰውየው አዲሱ ቤቱ ውስጥ ሲገባ፣ ጎረቤቱ ሲያጨበጭብ። የሚያየው ሁሉ እንባ እየተናነቀው ያጋራዋል። እንባው ነውር የለውም። ግን ከቪዲዮው በስተ ጀርባ 80 ዓመት የቆየ ክርክር አለ። ለአገር የቆሰለ ሰው ቤት የማን ዕዳ ነው? የመንግሥት ወይስ የጎረቤት? (ከዚህ በታች ያሉት ዓመቶች ሁሉ እንደ ፈረንጆች አቆጣጠር ናቸው።)

ነገሩ የሚጀምረው ሰዎቹ በሕይወት ከመትረፋቸው ነው። በአንደኛው የዓለም ጦርነት ሕብለ ሰረሰሩ ለተመታ ወታደር የቤት ጥያቄ አይነሣም ነበር፤ ምክንያቱም ብዙ አይቆይም። እንዲህ ከተመቱት 400 ያህል የአሜሪካ ወታደሮች አብዛኞቹ አንድ ዓመት እንኳ ሳይሞላቸው አልፈዋል። የሚገድላቸው ጥይቱ ሳይሆን ከመተኛት የሚመጣው ቁስልና የኩላሊት ኢንፌክሽን ነበር። በሁለተኛው የዓለም ጦርነት ፔኒሲሊን መጣ። ሐኪሞችም በሽተኛውን እያገላበጡ ቁስሉን መከላከል፣ ፊኛውን መንከባከብ ተማሩ። ከወገብ በታች የማይታዘዝላቸው 2,500 ገደማ አሜሪካውያን ወታደሮች ከዚያ ጦርነት ወጡ። አብዛኞቹ ገና ወጣቶች ነበሩ። ከፊታቸው ረጅም ዕድሜ ነበር፤ ግን የሚኖሩበት ቤት አልነበረም።

ወንበሩ እንኳ ቀድሞ ተዘጋጅቶ ነበር። በ1918 በማዕድን ማውጫ አደጋ የተጎዳው ኸርበርት ኤቨረስትና መሐንዲሱ ሃሪ ጄኒንግስ የሚታጠፍ የብረት ዊልቸር ሠርተው በ1937 የፈጠራ መብት አውጥተውበታል። ታጥፎ መኪና ውስጥ ይገባል። ስለዚህ ወታደሩ ከሆስፒታል ተነሥቶ፣ ከተማውን አቋርጦ፣ እስከ ቤቱ ደጅ መድረስ ይችላል። ከደጁ ወዲያ ግን የሴንቲ ሜትር ጉዳይ ይመጣል። ዊልቸሩ ሲዘረጋ 63 ሴንቲ ሜትር ገደማ ይሰፋል። የዚያን ዘመን ቤት የመታጠቢያ ክፍል በር ብዙውን ጊዜ 61 ነው። ሁለት ሴንቲ ሜትር! በሁለት ሴንቲ ሜትር የተነሣ አንድ ጎልማሳ እናቱ ወይም ሚስቱ ፖፖ የምታቀርብለት ሰው ይሆናል። ሐኪም ቤቱ “ጨርሰሃል፣ ሂድ” ቢለውም የሚሄድበት ስለሌለ አልጋው ላይ የሚቀር ብዙ ነበር።

ጥያቄውን ያነሡት ራሳቸው ባለጉዳዮቹ ናቸው። በየካቲት 1947 ከየሆስፒታሉ የተወከሉ ወታደሮች በቺካጎ አቅራቢያ በሚገኘው በሃይንስ ሆስፒታል ተሰብስበው ብሔራዊ ማኅበራቸውን መሠረቱ። ልብ ማለት የሚገባው፣ ከዋና ዋና ጥያቄዎቻቸው አንዱ መታሰቢያ ሐውልት ሳይሆን ሊገቡበት የሚችሉት ቤት መሆኑ ነው። በኮንግረስ ሰሚ አገኙ። የማሳቹሴትሷ ተወካይ ኢዲት ኖርስ ሮጀርስ በጊዜው የቀድሞ ወታደሮች ጉዳይ ኮሚቴ ሰብሳቢ ነበሩ፤ በአንደኛው የዓለም ጦርነት ዘመን ቁስለኞችን በበጎ ፈቃድ ያገለገሉ ሴት ናቸው። ሕጉን አቀረቡ፤ ፕሬዚዳንት ትሩማን ሰኔ 19 ቀን 1948 ፈረሙበት።

ሕጉ ምን ይላል? በውትድርና አገልግሎት በደረሰ ጉዳት ምክንያት ያለ ዊልቸር መንቀሳቀስ ለማይችል ሰው፣ ለአካሉ የሚስማማ ቤት ሲሠራ መንግሥት ከወጪው ግማሹን እስከ 10,000 ዶላር ይከፍላል። በዚያ ዘመን ትልቅ ገንዘብ ነበር። በቀጣዩ ዓመት ኒው ዮርክ አጠገብ የሌቪት ኩባንያ በጅምላ የሚሠራቸውን ቤቶች በ7,990 ዶላር ይሸጥ ነበር። ግን ግማሽ ማለት ግማሽ ነው። ቀሪውን ሰውየው ከራሱ ኪስ፣ ከብድር ወይም ከዘመድ ማግኘት አለበት። ሕጉ በሩን ከፈተ፤ ግማሹን ብቻ።

በዚህ ገንዘብ ከተሠሩት ቤቶች መካከል ዛሬ ድረስ የቆመ አንድ አለ። በኢሊኖይ ግዛት ሮክፎርድ ከተማ የሚኖረው የባሕር ኃይል ወታደር ኬኔት ሎረንት በጀርባው ላይ ከተደረገለት ቀዶ ሕክምና በኋላ በዊልቸር ቀረ። ሚስቱ ፊሊስ አንድ መጽሔት ስታገላብጥ ፍራንክ ሎይድ ራይት የሠሩትን ቤት አየች። አንድ ፎቅ ነው፣ ሰፊና ክፍት ነው። ባልየው በአሜሪካ ስመ ጥር ለሆኑት ለእኚህ አርክቴክት ደብዳቤ ጻፈላቸው። ያለበትን ሁኔታ ገለጸና በ20,000 ዶላር አካባቢ ቤት ይሠሩልኛል ወይ ብሎ ጠየቀ። ድፍረቱ ያስገርማል። ከዚህ የበለጠ የሚያስገርመው ራይት እሺ ማለታቸው ነው።

ባልና ሚስቱ በ1952 ገቡበት። ቤቱ እንደ ግማሽ ጨረቃ የታጠፈ ነው፤ ባንድ ወገን ሙሉ ለሙሉ መስታወት ሆኖ ወደ አትክልቱ ያያል። ደፍ የሚባል ነገር የለውም፤ የውስጡ ወለል ከውጭው ጋር እኩል ይሄዳል። በሮቹ ሰፊ ናቸው። የመብራት ማብሪያው ለተቀመጠ ሰው እጅ በሚደርስበት ቁመት ላይ ነው። ጠረጴዛዎቹ ከሥራቸው ጉልበት የሚያስገባ ክፍተት አላቸው። እንግዳ መጥቶ ቆሞ ሲያየው ቤቱ ዝቅ ያለ ይመስለዋል፤ ሲቀመጥ ግን ሁሉም ነገር ቦታውን ይይዛል። ማለትም ቤቱ የተለካው በሎረንት ዓይን ቁመት ነው። ሆስፒታል የሚመስል አንድም ነገር የለበትም። ሰውየው 60 ዓመት ገደማ ኖረበት፤ ከ2014 ጀምሮ ደግሞ ሙዚየም ሆኗል።

ለሎረንት የተሠራው ለሁሉም እንዲሠራ መለኪያ ያስፈልግ ነበር። ይህንንም ያመጡት በአብዛኛው ከጦርነቱ የተመለሱ ተማሪዎች ናቸው። በኢሊኖይ ዩኒቨርሲቲ ቲሞቲ ኑጀንት የሚባሉ መምህር ከ1948 ጀምሮ በዊልቸር የሚማሩ ወጣቶችን ይዘው ምን ያህል ዳገት መግፋት እንደሚችሉ፣ በምን ያህል በር እንደሚያልፉ በተግባር ይለኩ ነበር። የልካቸው ውጤት በ1961 የአገሪቱ የመጀመሪያ ደረጃ መስፈርት ሆኖ ወጣ። የበር ክፍተት ቢያንስ 81 ሴንቲ ሜትር። ለአንድ ሜትር ከፍታ 12 ሜትር የራምፕ ርዝመት። እነዚያ ደጅ ላይ ያሉት ሦስት ደረጃዎች ባንድ ላይ 60 ሴንቲ ሜትር ቢሆኑ ከ7 ሜትር የሚበልጥ ራምፕ ይፈልጋሉ ማለት ነው። ብዙ ሰው ሳንቃ ደገፍ አድርጎ ራምፕ ሠራሁ ይላል፤ በእንዲህ ያለው ሳንቃ ላይ ዊልቸር ወደ ኋላ ይገለበጣል። በመስፈርቱ ውስጥ ከእጅ መታጠቢያ በታች ያለው የሙቅ ውሃ ቧንቧ ይሸፈን የሚልም አለ። የማይሰማ እግር ሲቃጠል ባለቤቱ አያውቅምና።

ታዲያ መስፈርቱ ካለ፣ ገንዘቡም ካለ፣ ጎረቤት መዶሻ ይዞ መምጣት ለምን አስፈለገው? ምክንያቱም ሕጉ የግል ቤት ደጅ ላይ ሲደርስ ይቆማል። ታዋቂው የ1990 የአሜሪካ አካል ጉዳተኞች ሕግ ሆቴሉን፣ ሱቁን፣ መሥሪያ ቤቱን ያስገድዳል፤ የግለሰብን መኖሪያ ቤት አይነካም። ወታደሩ ባንክ ይገባል፣ ፍርድ ቤት ይገባል፣ ሲኒማ ይገባል፤ የገዛ መኝታ ቤቱ ግን ዕድል ነው።

ጎረቤትን ከማመስገን በፊት ግን ጎረቤት ሌላም ፊት እንዳለው ማስታወስ ያስፈልጋል። በ1946 መጨረሻ የቺካጎ ከተማ ከጦርነት ለተመለሱ ወታደሮች በአውሮፕላን ማረፊያው አጠገብ ጊዜያዊ ቤቶች አዘጋጅታ ነበር። ከነዋሪዎቹ ጥቂቶቹ ጥቁር ወታደሮች መሆናቸው ሲታወቅ የአካባቢው ነጭ ነዋሪ ተሰብስቦ ወጣ። ድንጋይ ተወረወረ። ፖሊስ ቢቆምም ቤተሰቦቹ ሊቆዩ አልቻሉም። ያም “የሰፈር ሰው ተባብሮ” ነው።

የጄምስ ኩቸር ታሪክ ደግሞ የበለጠ ግራ ያጋባል። በ1943 ጣሊያን ውስጥ ሁለት እግሩን ያጣ ወታደር ነው። ኒዋርክ ከተማ ከሸመገሉ ወላጆቹ ጋር በመንግሥት ቤት ይኖርና በቀድሞ ወታደሮች መሥሪያ ቤት በጸሐፊነት ይሠራ ነበር። በ1948፣ ያ የቤት ሕግ በወጣበት ዓመት፣ የአንድ ትንሽ ሶሻሊስት ፓርቲ አባል ነህ ተብሎ ከሥራ ተባረረ። ቀጥሎ ቤቱን ልቀቅ ተባለ። ቀጥሎ የጉዳት ጡረታው ተያዘ። ሠራተኛ ማኅበራትና የቀድሞ ወታደሮች ገንዘብ እያዋጡ ስምንት ዓመት ያህል ተሟገቱለት፤ ቤቱንም፣ ጡረታውንም፣ በ1956 ሥራውንም አስመለሱ። ለኩቸር የተሠራለት ቤት የለም። ሰዎቹ የሠሩት የነበረውን እንዳይቀማ ማድረግ ነው። ቤት ከመሥራት አያንስም።

አሁን ወደ ቪዲዮው ዘመን እንምጣ። ጆን ጎንሳልቬስ የሚባል የማሳቹሴትስ ግንበኛ በቴሌቪዥን ኢራቅ ውስጥ እግሮቹን ስላጣ ወታደር ዘገባ አየ። ሙያዬን ላበርክት ብሎ ለእንዲህ ያሉ ወታደሮች ቤት የሚሠራ ድርጅት ፈለገ። አላገኘም። ስለዚህ ራሱ በ2004 “ሆምስ ፎር አወር ትሩፕስ” የሚባለውን ድርጅት መሠረተ። የመጀመሪያው ቤት ኢራቅ ውስጥ ሁለት እጁን ላጣ የዚያው ግዛት ወታደር ነበር። በመጀመሪያዎቹ ዓመታት አሠራሩ ማንም ኢትዮጵያዊ በስሙ የሚጠራው ነው፤ ደቦ። አናጢው፣ ጣሪያ ሠሪው፣ ኤሌክትሪሺያኑ፣ ሙያ የሌለው ደግሞ ምስማር የሚያቀብለው፣ ባንድ ቅዳሜና እሑድ ይወጣሉ፤ በሦስት ቀን ውስጥ የቤቱ አካል ይቆማል። ሴቶች ምግብ ያቀርባሉ፣ የዕቃ መደብሩ ጣውላ ይለግሳል። ድርጅቱ እስከ ዛሬ ከ300 በላይ ቤቶች ያለ ዕዳ አስረክቧል። የመንግሥቱ ድጎማም አድጎ ዛሬ ከ100 ሺህ ዶላር በላይ ደርሷል፤ ሙሉ ቤት ግን አይሠራም።

በደቦ የተሠራ ቤት ገንዘብ የማይሰጠው ነገር አለው። ጎረቤቱ የወታደሩን ስም ያውቃል፤ በረዶ ሲጥል ማን ደጁን እንደሚጠርግለት ያውቃል። ይህን ማናናቅ አይገባም። ችግሩ ስጦታ ሰጪ መምረጡ ነው፣ መብቱም ነው። ይህ ድርጅት ቤት የሚሠራው ከመስከረም 11 ቀን 2001 ወዲህ ለቆሰሉት ነው። በቬትናም ያንኑ እግር ያጣው ሽማግሌ አይመለከተውም። ካሜራ ፊት ጥሩ የሚናገር፣ ሰፈሩ የሚወደው፣ ዘመዱ የሚሯሯጥለት ቶሎ ይታያል። ማንም የማያውቀው፣ ጠባዩ የከበደ፣ ሌሊት የሚጮኸው ወታደር ደቦ የሚጠራለት የለም።

ሌላም ነገር አለ። ቤቱ ተመርቆ ሁሉም ካጨበጨበ በኋላ ጎረቤቶቹ ወደየቤታቸው ይሄዳሉ። የእያንዳንዳቸው ደጅ ላይ ሦስት ደረጃ አለ። ቤቱን የሠሩለት ሰዎች ቡና ቢጠሩት መግባት አይችልም። በልጅነቷ በፖሊዮ የተጎዳችው ኤሌኖር ስሚዝ በ1987 አትላንታ ውስጥ ዘመቻ የጀመረችው ይህን ይዛ ነው። ወታደር አይደለችም። ጥያቄዋ አጭር ነበር፦ አዲስ የሚሠራ ማንኛውም ቤት አንድ ደረጃ የሌለው መግቢያ፣ ዊልቸር የሚያሳልፍ በር፣ መሬት ላይ ያለ አንድ መጸዳጃ ይኑረው። ከተማዋ በ1992 የሕዝብ ገንዘብ ለገባባቸው ቤቶች ተቀበለችው። በ2002 ደግሞ በአሪዞና ግዛት ቱሳን ከተማ የምትገኝበት ፒማ ካውንቲ ለአዲስ የግል ቤቶችም ደነገገ። ቤት ሠሪዎች ከሰሱ። የሰው የግል ቤት ውስጥ ምን አገባችሁ ነው ክርክሩ። በ2003 ይግባኝ ሰሚው ፍርድ ቤት ለካውንቲው ፈረደ። ከዚያ ወዲህ እዚያ የሚሠራ አዲስ ቤት፣ የመሬቱ አቀማመጥ ካልከለከለ በቀር፣ ገዢው ማንም ይሁን ማን፣ ደረጃ የሌለው አንድ መግቢያ አለው።