ዐፀድና ዛፉ፦ ያልተጻፈው የደብር ሕግ



ከቱሉ ዲምቱ ሆኖ የአቃቂን ሜዳ ቁልቁል ለሚመለከት ሰው፥ በፋብሪካው ቆርቆሮና በኮንዶሚኒየሙ መካከል ጠቆር ብሎ የሚታየው አረንጓዴ ብዙ ጊዜ የቤተ ክርስቲያን ቅጥር ነው። «ዐፀድ» የሚለው የግእዝ ቃል የታጠረ የአትክልት ስፍራን ያመለክታል። አባቶቻችን ግቢውን ዐፀደ ቤተ ክርስቲያን ሲሉት ዛፉን የሕንፃው ጌጥ ብቻ አድርገው አላዩትም።

ዐፄ ዘርዐ ያዕቆብ በ15ኛው መቶ ክፍለ ዘመን በወጨጫ ተራራ የመናገሻን ጥድ እንዳስተከሉ በትውፊት ይነገራል። በዳግማዊ ምኒልክ ዘመን ግን አዲስ አበባ እንጨት ከማጣቷ የተነሣ፥ ንጉሠ ነገሥቱ ከተማቸውን ወደ አዲስ ዓለም ለማዛወር እስከ ማሰብ ደርሰው ነበር። የታደጋት ከባሕር ማዶ የመጣው እንግዳ፥ ባሕር ዛፍ ነው።

በዚያ የማገዶ ጥማት መካከል የደብር ጥድና ወይራ እንዴት ተረፈ? በግዝት ነው። የደብር ዛፍ ለቤተ ክርስቲያን አገልግሎት ካልሆነ በቀር ምሳር አይነካውም ነበር፤ ለጣራው፥ ለበሩ፥ ለከበሮው ይቆረጣል፤ ለግለሰብ ምድጃ ግን አይሆንም። መንግሥት በአዋጅ ቁጥር 94/1986 ኮሶን፥ ዋንዛን፥ ዝግባንና ጥድን ከመንግሥት ደን መቁረጥን ሲከለክል፥ የደብሩ ሥርዓት ዘመናት አስቆጥሮ ነበር።

ይሁን እንጂ ግዝት ብቻውን አይበቃም። ብዙዎቻችን በ«እመጓ» የምናውቃቸው የደን ተመራማሪው ዶ/ር ዓለማየሁ ዋሴ የደቡብ ጎንደርን የደብር ደኖች አጥንተዋል። ትልልቁ ዛፍ ቢከበርም፥ ከሥሩ የሚበቅለውን ችግኝ ከብት እየረገጠና እየጋጠ ተተኪ ያሳጣዋል። ካህናቱና ምእመናኑ በደኑ ዙሪያ የድንጋይ ካብ መካብ የጀመሩት ለዚህ ነው።

የእኛ አካባቢ ፈተና ከብት አይደለም፤ ሲሚንቶ ነው። ስሙን መጥራት በማያስፈልግ አንድ አጥቢያ ለአዳራሽ ሲባል አንድ ሽማግሌ ጥድ ተቆርጧል። በሌሎችም የዛፉ ግንድ ድረስ ታይል ይነጠፍና ሥሩ ውኃ አጥቶ ከላይ ይደርቃል። እንዲህ ያለውን ግዝቱ አያውቀውም፤ ምሳር አልተነሣማ!

ሰበካ ጉባኤ በ1965 ዓ.ም. በቃለ ዐዋዲ ከተቋቋመ ጀምሮ የአጥቢያው ንብረት ይመዘገባል። ጽናጽሉ፥ ምንጣፉ፥ ወንበሩ ሳይቀር ቁጥር አለው። የሁለት መቶ ዓመት ወይራ ግን ከፕላስቲክ ወንበር አንሶ በመዝገቡ ውስጥ የለም። ስለዚህ እኛ የሰንበት ትምህርት ቤት ልጆች ባለፈው ወር በደብተር መቁጠር ጀመርን፦ እስካሁን ወይራ ሰባት፥ ጥድ አራት፥ ዝግባ አንድ። ዝግባው ከዕቃ ቤቱ ጀርባ ነው፤ ግማሽ ሥሩ ከታይሉ በታች ገብቷል።