ቅኝት

ቅኝት «ቃኘ» ከሚለው ግስ የወጣ ስም ነው። በሙዚቃ ሁለት ፍቺ አለው፤ መሣሪያን ማስማማት፣ እንዲሁም የዜማ ስልት፦ ትዝታ፣ ባቲ፣ አምባሰል፣ አንቺ ሆዬ። ደባርቅ ወይም ዳባት ሠርግ ላይ የሚጫወት አዝማሪ መቃኛውን ጠምዘዝ እያደረገ የማሲንቆውን ጭራ ከገዛ ድምፁ ጋር ያስማማል።

ቃሉ ዛሬ ኮምፒውተር ውስጥም ሥራ አለው። እ.ኤ.አ. በ2017 የወጣው «ቪሲቪ ራክ» የድምፅ ማመንጫ ክፍሎችን ስክሪን ላይ በገመድ የሚያገናኝ ሶፍትዌር ነው። እዚያ አንድ ኦክታቭ 1 ቮልት ነው፤ ግማሽ ድምፅ ደግሞ የዚያ 1/12። «ኳንታይዘር» የተባለው ክፍል ያልተፈለጉትን ድምፆች በአቅራቢያቸው ወዳለው የተፈቀደ ድምፅ ያዞራል። ከ12ቱ ግማሽ ድምፆች፣ መነሻው 0 ተብሎ ሲቆጠር፣ 0፣ 2፣ 4፣ 7 እና 9 ብቻ ሲቀሩ ትዝታ ሜጀር ይወጣል።

ችግሩ የአዝማሪው ጣት በ12 እኩል ክፍል አለመታሰሩ ነው። መፍትሔው ግን አለ፤ እንደ «ሰርጅ ኤክስቲ» ያሉ ነፃ ሶፍትዌሮች በፋይል የተጻፈ ልዩ ቅኝት ይቀበላሉ። ኳንታይዘርም ድምፅን ከተመረጠ ቅኝት ጋር የሚያስማማ ስለሆነ «ቃኚ» ብንለው ያምራል። ከስያሜው በፊት ግን የሙዚቃ ተማሪዎቻችን የማሲንቆውን ቅኝት ለክተው ፋይሉን ይጻፉልን።