ያልተጻፈው የመሪ ታሪክ

ሰኔ 1 ቀን 1956 ዓ.ም. አገራችን የግራ መስመር ትታ በቀኝ መንዳት ጀመረች። ስለ መኪና ታሪካችን ሲወራ ይህቺ ቀን ትነሳለች፤ መሪው ራሱ እንዴት እንደሚሠራ ግን ማን ጻፈ?

ፊያት 124 ጎማውን የሚያዞረው በጠመዝማዛ ብሎንና በሮለር ነው። ላዳ የተቀዳችው ከእሱ ስለሆነ ሰማያዊና ነጭ ታክሲዎቻችንም ያንኑ ወረሱ። ፔዦ 404 ግን እ.ኤ.አ. በ1960 ሲወጣ ጀምሮ ጥርሳም ዘንግ፣ ማለትም ራክ ነበረው፤ የምሥራቅ አፍሪካን ሳፋሪ ራሊም አራት ጊዜ አሸንፏል። ራክ መገጣጠሚያው ጥቂት ስለሆነ መሪው ቶሎ አይላላም፣ መንገዱም እጅ ላይ ይሰማል።

እኛ ሠፈር፣ ሳንሱሲ፣ አንድ የድሮ ፊያት 124 ስፖርት ራክ ሲገባለት አይቻለሁ። ቀላል ይመስላል፤ አይደለም። የራኩ ከፍታ ወይም ርዝመት ካልገጠመ፣ ጎማው ጉድጓድ ሲመታ መሪው ሳይነካ ይዞራል። ቁልቁለት ላይ ይህ ነፍስ ያጠፋል። አዛውንቱ መካኒክ ስፕሪንጉን አውጥተው፣ ጎማውን በጃክ ከፍ ዝቅ እያደረጉ፣ አቅጣጫውን በየሳንቲሜትሩ በሲባጎ ለኩ። ራኩን ሦስቴ ፈተው መልሰው አሰሩት። አምስት ኪሎ በፎርሙላ ያገኘነውን እሳቸው በሲባጎ ደረሱበት።

ይህ ሁሉ ያለው እሳቸው ጭንቅላት ውስጥ ብቻ ነው። ስለዚህ ዛሬም የምታስተምሩ ወዳጆቼ፣ ለመመረቂያ ጽሑፍ ርዕስ ጠፋ ሲሏችሁ ተማሪዎቹን ከነደብተራቸው ወደ አምቦ መንገድ ጋራዦች ላኳቸው። ሰዎቹ ሳያልፉብን።