ሰዓት ቃኚ፦ ከመሬት በታች ቀንና ሌሊትን መለየት

ፃይትጌበር የጀርመንኛ ቃል ነው። የሰውነትን ዕለታዊ ምት ያጠና የነበረው ዩርገን አሾፍ በ1950ዎቹ ያስተዋወቀው ሲሆን (እዚህ ያሉት ዓመታት ሁሉ በአውሮፓ አቆጣጠር ናቸው)፣ የሌላ አገር ተመራማሪዎችም ሳይተረጉሙ ይጠቀሙበታል። ቃል በቃል ሲፈታ «ሰዓት ሰጪ» ማለት ነው። እኛ «ሰዓት ቃኚ» ብለነዋል። ሰውነት የራሱ ሰዓት ስላለው ሰጪ አያሻውም፤ የሚጎድለው የሚቃኝለት ነው። «ቃኚ» ሲባል የጦር ሜዳ ሰላይ ትዝ የሚለው አንባቢ ይኖራል፤ እዚህ የተፈለገው ግን የክራሩ ቅኝት ነው።

የውስጡ ሰዓት በአንጎል ሥር፣ ከሁለቱ ዓይኖች የሚመጡት ነርቮች ከሚተላለፉበት ቦታ በላይ ያለ፣ 20 ሺህ ገደማ የነርቭ ሴሎች ስብስብ ነው። እንቅልፍ መቼ እንደሚጫጫነን፣ የሰውነት ሙቀት መቼ እንደሚወርድ፣ ሜላቶኒን የተባለው ሆርሞን መቼ እንደሚመነጭ የሚወስነው እሱ ነው። ችግሩ ዙሩ ልክ 24 ሰዓት አለመሆኑ ነው። በ1999 የታተመ የሃርቫርድ ተመራማሪዎች ጥናት አማካዩን 24 ሰዓት ከ11 ደቂቃ ላይ አስቀምጦታል። የክራር ክር ተወጥሮ ቢቀመጥም ውሎ አድሮ እንደሚረግብ፣ ይህም ሰዓት በየቀኑ በጥቂቱ ወደ ኋላ ይቀራል። ጠዋት ዓይን ላይ የሚያርፈው ብርሃን ወደ ቦታው ይመልሰዋል። ከሰዓት ቃኚዎች ሁሉ ዋናው ብርሃን ነው፤ የምግብ ሰዓት፣ የአካል እንቅስቃሴና ከሰው ጋር መዋል ከሱ ቀጥለው ይመጣሉ። እኛ ሰዓታችንን የምንቆጥረው ከንጋት ጀምረን ስለሆነ፣ ነገሩ ከሌላው ይልቅ ለእኛ ሊቀርበን ይገባል።

11 ደቂቃ ኢምንት ትመስላለች። 69 ቀን ስትጠራቀም ግን ከ12 ሰዓት ተኩል ታልፋለች፤ ቀንና ሌሊት ቦታ ይለዋወጣሉ። 69 ያልነው ያለ ምክንያት አይደለም። ኦገስት 5 ቀን 2010 በቺሊ አታካማ በረሃ፣ ከኮፒያፖ ከተማ አቅራቢያ የሚገኘው የሳን ሆሴ የመዳብና የወርቅ ማዕድን ማውጫ ተደርምሶ 33 ሠራተኞች 700 ሜትር ገደማ ጥልቀት ላይ ተዘጋባቸው። በሕይወት መኖራቸው የታወቀው ከ17 ቀን በኋላ፣ መቆፈሪያው ጫፍ ላይ ታስሮ በወጣ ወረቀት ነው። የወጡት ደግሞ በ69ኛው ቀን።

በእነዚያ የመጀመሪያ ሳምንታት በየሁለት ቀኑ ሁለት ማንኪያ ቱናና አንድ ጉንጭ ወተት እየቀመሱ ቆዩ። ሙቀቱ ከ30 ዲግሪ በላይ፣ አየሩም ወበቅ ነበር፤ ሰውነት ለመተኛት ውስጣዊ ሙቀቱን ዝቅ ማድረግ ስላለበት፣ ጨለማው ብቻ ለእንቅልፍ አይበቃም። ሰዓት በእጁ ያሰረ ሰው ስንት ሰዓት እንደሆነ ማወቅ ይችላል። ሰውነቱ ግን የእጅ ሰዓት አያነብም። የእያንዳንዱ ሰው የውስጥ ሰዓት የሚዘገየውም በየራሱ መጠን ነው። እንዲህ ያለ ስብስብ ቃኚ ካጣ፣ አንዱ ሊተኛ ሲል ሌላው ይነቃል፤ እንቅልፍ ያጣው ይነጫነጫል፣ ጠብ ይነሳል፣ የተጨነቀውም ጭንቀቱ ይብስበታል። እንቅልፍ ማጣት የጭንቀት ምልክት ብቻ አይደለም፤ ራሱም ጭንቀትን ይወልዳል። ስለዚህ የእንቅልፍን ጉዳይ ከረሃብና ከውሃ ጥም በኋላ የሚታይ ቅንጦት አድርጎ መተው ስህተት ነው።

ሊያማክሩ ከአሜሪካ ወደ ቺሊ የሄዱት የጠፈር ድርጅቱ የናሳ ባለሙያዎች ይህን ያውቁታል፤ የጠፈር ተጓዦቻቸው በአንድ ቀን ውስጥ 16 ጊዜ ገደማ ፀሐይ ስትወጣ ያያሉና። ከሰጡት ምክር አንዱ ቀንና ሌሊትን በመብራት እንዲለዩ ነበር። መቆፈሪያው በከፈተው ጠባብ ቀዳዳ በኩል ምግብና መድኃኒት፣ ኋላም የኤሌክትሪክ መስመር ወረደ። ሰዎቹ በሦስት ቡድን ተከፍለው በስምንት ስምንት ሰዓት ፈረቃ ሠሩ፤ ከላይ የሚቆፈረው ድንጋይ ወደ እነሱ ስለሚወርድ መጠረግ ነበረበት። ሥራው ለመዳን የሚያስፈልግ ነበር፣ ግን እግረ መንገዱን ሰዓት ይቃኛል፤ ተነስቶ የሚሠራው ያለው ሰው የሚተኛበት ጊዜም ይኖረዋል።

አእምሮ ከሰውነት ይልቅ ሲስት ያየነው ደግሞ በሚሼል ሲፍር ነው። ይህ የ23 ዓመት ፈረንሳዊ በ1962 የእጅ ሰዓት ሳይዝ በአልፕስ ተራሮች በሚገኘው ስካራሶን ዋሻ ሁለት ወር ገደማ ብቻውን ተቀመጠ። ሴፕቴምበር 14 ቀን «ጊዜው አልቋል» ሲባል፣ በእሱ ቆጠራ ገና ኦገስት 20 ነበር። የእንቅልፍና የንቃት ዙሩ ግን 24 ሰዓት ተኩል አካባቢ ሆኖ ቆይቷል። ሰውነቱ ያዛባው በድምሩ ከአንድ ቀን ትንሽ የሚበልጥ ሆኖ ሳለ፣ አእምሮው 25 ቀን ጠፋበት። ያም በፈቃዱ ገብቶ፣ መውጫውም ሳይዘጋበት ነው።

በኖቬምበር 2023 በህንድ ኡታራካንድ ግዛት፣ ሲልክያራ በተባለው የመንገድ ዋሻ 17 ቀን መውጫ ተዘግቶባቸው የቆዩት 41 ሠራተኞች በዚህ በኩል ዕድል ነበራቸው። የተዘጋባቸው ክፍል ሁለት ኪሎ ሜትር ገደማ ርዝመት ነበረው፣ መብራቱም አልተቋረጠም። እንዲራመዱና ዮጋ እንዲሠሩ ይመከሩ ነበር። መብራቱም እንቅስቃሴውም ሰዓት ቃኚዎች ናቸው።

«ሰዓት ቃኚ» የሚለው ቃል የማይደርስበትም አለ። ከሳን ሆሴ ከወጡት ብዙዎቹ ፀሐይ እያዩ፣ በራሳቸው አልጋ ላይ ሆነው እንቅልፍ አጥተዋል፤ ቅዠትም አሠቃይቷቸዋል። ይህ የሰዓት መዛባት ሳይሆን የደረሰባቸው ድንጋጤ ጠባሳ ነው፤ ብርሃንና የምግብ ሰዓት ያግዙ ይሆናል እንጂ ሕክምናው የአእምሮ ሐኪም ሥራ ነው። ሁለቱን በአንድ ስም ጠቅልሎ «እንቅልፍ እምቢ አለው» ማለት የተለመደ ነው፤ ሐኪሙ ግን የሚጠይቀው ሰውዬው መቼ እንደሚነቃ ብቻ ሳይሆን ምን እንደሚያነቃውም ነው።